መርዶ ተቀባይ ሲጠፋ፦ ወላጅ ፕሮሰስ የልጆቹን ሁኔታ በሊኑክስ ላይ እንዴት ይጠይቃል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ድርጅት ሰርቨር ላይ ፎቶ የሚያሳንስ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ደንበኛ ፎቶ ሲልክ ዋናው ፕሮግራም አንድ ልጅ ፕሮሰስ፣ ማለትም ለብቻው የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም፣ ይወልዳል፤ ልጁ ፎቶውን አሳንሶ ያስቀምጥና ይሞታል። ሦስት ሳምንት ያለ አንዳች እንከን ሠራ። በአራተኛው ሳምንት እሑድ ሌሊት ግን ፕሮግራሙ አዲስ ልጅ መውለድ አቃተው። በሌላ የተጠቃሚ ስም ገብቼ የፕሮሰሶቹን ዝርዝር ሳወጣ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ተደርድረው አየሁ። ሁሉም ሞተዋል፣ አንዱም አልተቀበረም። በ9 ቁጥር ሲግናል፣ ለፕሮሰስ በሚላከው «ሙት» የሚል መልእክት፣ ደጋግሜ ልገድላቸው ሞከርሁ። የሞተን ማን ይገድላል? ንቅንቅ አላሉም።

ጥፋቱ የኔው ነበር። መውለዱን ጽፌ፣ የልጁን መጨረሻ መጠየቁን ረስቼዋለሁ። ሊኑክስ ላይ ልጅ ፕሮሰስ ሲሞት ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) መርዶውን ይዞ ይቆያል፤ ወላጁ መጥቶ «ልጄ እንዴት ሆነ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ መዝገቡ አይዘጋም። ከዚህ በታች የምታገኙት የዚያን ጥያቄ አጠያየቅ ነው። ከተርሚናል ጀምረን ወደ ሲ ቋንቋ እንገባለን።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ልበል። የትዕዛዞቹንና የፈንክሽኖቹን ስም የምጽፈው እንደ አነባበባቸው ነው። ፕሮግራም ውስጥ ስታስገቧቸው በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ፈንክሽኖቹ በትንንሹ፣ የሲግናሎቹ፣ የስሕተቶቹና የማክሮዎቹ ስም ደግሞ በትልልቁ ፊደል። በመሀል የምታዩት ሰረዝ ለንባብ እንዲመች ያስገባሁት ስለሆነ አትጻፉት። የኮድ ምሳሌዎቹንም ሐሳቡ እንዲታይ በአማርኛ አስቀምጫቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ከሼሉ ጀምሩ

ተርሚናል ላይ ትዕዛዛችሁን የሚቀበለው ሼል፣ ባሽ፣ ራሱ ወላጅ ነው። የምትጽፉለትን ፕሮግራም ሁሉ የሚያስነሣው ልጅ አድርጎ በመውለድ ስለሆነ፣ ነገሩን አንድ መስመር ሲ ሳትጽፉ በእጃችሁ መዳሰስ ትችላላችሁ። እነዚህን አምስት መስመሮች በተራ አስገቡ፦

ስሊፕ 100 &
ኤኮ $!
ኪል -9 $!
ዌይት $!
ኤኮ $?

የመጀመሪያው መስመር 100 ሰከንድ የሚተኛ ልጅ ወልዶ ከበስተጀርባ ያስቀምጠዋል። የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት $! በመጨረሻ ከበስተጀርባ የተነሣው ልጅ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ፒአይዲው ነው። ሦስተኛው መስመር ይገድለዋል፣ አራተኛው መርዶውን ይቀበላል። በመጨረሻ የጥያቄ ምልክት ያለበት $? የልጁን መጨረሻ በቁጥር ይነግራችኋል፦ 137።

137 የመጣው 128 ላይ የሲግናሉ ቁጥር 9 ተደምሮ ነው። በ9 ፋንታ በ15 ብትገድሉት 143 ታያላችሁ። ልጁ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ከወጣ ደግሞ የሚመጣው ቁጥር እሱ ራሱ የመረጠው ነው። 0 «በሰላም ጨርሻለሁ» ማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ሁለቱን በቃላችሁ ያዙ፦ 127 ትዕዛዙ ጭራሽ አልተገኘም፣ 126 ደግሞ ተገኝቷል ነገር ግን ሊነሣ አልቻለም፤ ብዙ ጊዜ የማስኬድ ፈቃድ ስለሌለው ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ስክሪፕት ጸሐፊ የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። ዌይትን ያለ ምንም መለያ ቁጥር ብቻውን ከጻፋችሁት ልጆቹን ሁሉ ይጠብቃል፤ ሲጨርስ ግን ሁልጊዜ 0 ነው የሚመልሰው። አሥር ልጅ ወልዳችሁ አሥሩም ወድቀው ቢሞቱ ስክሪፕታችሁ «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ ያልፋል። ሌሊት የሚሠራ የመጠባበቂያ ቅጂ ስክሪፕት እንዲህ ተጽፎ ካገኛችሁ ዛሬውኑ አስተካክሉት። መፍትሔው እያንዳንዱን ልጅ ስትወልዱ $! ን ዝርዝር ውስጥ ማስቀመጥና በኋላ አንድ በአንድ እየጠራችሁ መጠበቅ ነው፦

ለእያንዳንዱ መለያ በዝርዝሩ፦
    ዌይት መለያ
    $? 0 ካልሆነ፦ መለያውንና ቁጥሩን መዝግብ

ከባሽ 4.3 ወዲህ ዌይት ላይ -ኤን የሚል አማራጭ ተጨምሯል። በተራ ሳይሆን ቀድሞ የሞተውን ልጅ ይቀበላል። ልጆቻችሁ እኩል የማይጨርሱ ከሆኑና አንዱ በጨረሰ ቁጥር ሌላ ለመውለድ ከፈለጋችሁ እሱ ይሻላል። የራሳችሁ ልጅ ያልሆነ ፕሮሰስ መለያ ከሰጣችሁት ግን ዌይት 127 ይመልሳል፤ የሰው ልጅ መርዶ ለእናንተ አይነገርም።

ደረጃ 2፦ ዞምቢ ወልዳችሁ እዩ

ዞምቢን፣ ማለትም ሞቶ መርዶው ያልተወሰደ ልጅን፣ በዓይኑ ያላየ ሰው የቀረውን ደረጃ ቀለል አድርጎ ያልፈዋል። ስለዚህ ሆን ብለን አንድ እንሥራ። የሲ ፕሮግራሙ አካል ይኸው ነው፦

ልጅ = ፎርክ()
ልጅ -1 ከሆነ፦ መውለድ አልተቻለም፤ ስሕተቱን ጻፍና ውጣ
ልጅ 0 ከሆነ፦ ወዲያው ውጣ(3)
ካልሆነ፦ 60 ሰከንድ ተኛ

ፎርክን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የሚደነግጠው አንድ ጊዜ ተጠርቶ ሁለት ጊዜ ስለሚመለስ ነው። ከዚያ መስመር በኋላ ሁለት ፕሮሰሶች ያንኑ ኮድ ይሠራሉ። በልጁ በኩል 0 ይመለሳል፤ በወላጁ በኩል የልጁ መለያ ቁጥር ይመለሳል። ወላጅ ልጁን የሚያውቅበት ብቸኛው ክር ይህ ቁጥር ስለሆነ አትጣሉት።

ፕሮግራሙን በአንድ ተርሚናል አስነሡና በሌላው ተርሚናል ፒኤስ በሚለው ትዕዛዝ፣ ኤኤክስኤል የሚሉትን ሦስት ፊደሎች አስከትላችሁ፣ የሁሉንም ፕሮሰሶች ዝርዝር አውጡ። ልጃችሁ በሁኔታው ዓምድ ሥር ዜድ የሚል ፊደል ተጽፎበት፣ ከስሙ ጎን ደግሞ «ዲፈንክት» የሚል ቃል ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ። በ9 ግደሉት። እዚያው ነው።

ያ ልጅ ማስታወሻው (ሜሞሪው) ተለቅቋል፣ የከፈታቸው ፋይሎች ተዘግተዋል፣ ፕሮሰሰር አይነካም። የቀረው በከርነሉ መዝገብ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፦ መለያ ቁጥሩ፣ የወጣበት ቁጥር፣ የበላው የፕሮሰሰር ጊዜ። አንድ ሁለት ዞምቢ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ሲጠራቀሙ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ መለያ ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። የሊኑክስ የመለያ ቁጥር ጣሪያ በጥንቱ ልማድ 32768 ነው፤ በ64 ቢት ማሽን ላይ እስከ 4194304 ከፍ ይደረጋል። ከዚያም በፊት ለአንድ ተጠቃሚ የተፈቀደው የፕሮሰስ ብዛት ሊሞላ ይችላል። የኔን ሰርቨር የያዘው ይህኛው ነበር።

60 ሰከንዱ ሲያልቅና ወላጁ ሲሞት ዞምቢውም አብሮ ይጠፋል። ወላጁ የሞተበት ልጅ፣ በሕይወት ያለም ይሁን የሞተ፣ በጉዲፈቻ ለመለያ ቁጥር 1 ይሰጣልና። ቁጥር 1፣ ሲስተሙ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ፕሮሰስ፣ በአብዛኛው ዘመናዊ ሊኑክስ ላይ ሲስተምዲ ነው፤ የማደጎ ልጆቹን መርዶ ሳይሰለች ይቀበላል። ከሊኑክስ 3.4 ጀምሮ ሌላ ፕሮሰስም «የልጅ ልጆቼ ወላጅ ቢያጡ ለኔ ይሰጡ» ብሎ መመዝገብ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ቆሞ መጠበቅ

ቀላሉና አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃው መንገድ ይህ ነው። ከላይ ባለው ፕሮግራም ላይ «60 ሰከንድ ተኛ» የሚለውን በዚህ ተኩት፦

መልስ = ዌይትፒድ(ልጅ፣ &ሁኔታ፣ 0)

ሦስት ነገር ሰጠነው። የመጀመሪያው የማንን መርዶ እንደምንጠብቅ ነው፤ -1 ብንሰጠው «የትኛውም ልጄ ይሁን» ማለት ነው፣ 0 ብንሰጠው በራሴ የፕሮሰስ ቡድን ውስጥ ካሉት ልጆቼ አንዱ ማለት ነው። ሁለተኛው ከርነሉ መልሱን የሚጽፍበት ቦታ አድራሻ ነው። ሦስተኛው አማራጮች የሚገቡበት ነው፤ 0 ሲሆን ወላጁ ልጁ እስኪሞት እዚያው መስመር ላይ ቆሞ ይተኛል። ልጁ ቀድሞ ሞቶ ከሆነም ችግር የለም፣ ወዲያው ይመለሳል፤ መርዶው ተቀምጦ ይጠብቀዋልና።

ዌይት የሚባለው ታናሽ ፈንክሽን አማራጭ የሌለውና የትኛውንም ልጅ የሚቀበል ነው። እኔ አልጠቀምበትም። ልጆቹ ከአንድ ሲበዙ የማን መርዶ እንደሆነ መለየት ግድ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ የመጣውን ቁጥር መፍታት

ከላይ ያለው ልጅ በ3 ነው የወጣው። ሁኔታ የሚለውን ተለዋዋጭ እንዳለ ብታትሙት ግን 3 አታዩም፤ 768 ነው የምታዩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል።

ያ ቁጥር የታሸገ ፖስታ ነው። ሊኑክስ ላይ ዝቅተኛዎቹ 7 ቢቶች ልጁን የገደለውን ሲግናል ይይዛሉ፤ በራሱ ከወጣ ባዶ ናቸው። ስምንተኛው ቢት ልጁ ሲሞት የማስታወሻው ቅጂ ኮር ፋይል ሆኖ መቅረት አለመቅረቱን ይናገራል። ከእነሱ በላይ ያሉት 8 ቢቶች ልጁ የወጣበትን ቁጥር ይይዛሉ። 3 ስምንት ቢት ወደ ላይ ሲገፋ በ256 ተባዛ ማለት ነው፣ 768 ይሆናል።

ቢቶቹን በእጃችሁ አትቁጠሩ፤ ለዚሁ የተዘጋጁ ማክሮዎች አሉ፦

ደብልዩ-ኢፍ-ኤግዚትድ(ሁኔታ) እውነት ከሆነ፦
    በራሱ ወጥቷል፤ ቁጥሩ = ደብልዩ-ኤግዚት-ስታተስ(ሁኔታ)
ደብልዩ-ኢፍ-ሲግናልድ(ሁኔታ) እውነት ከሆነ፦
    ተገድሏል፤ ገዳዩ = ደብልዩ-ተርም-ሲግ(ሁኔታ)

ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። መጀመሪያ እንዴት ሞተ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ቁጥሩን አውጡ። የተገደለ ልጅ ላይ የመውጫ ቁጥር ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ 0 ታገኛላችሁ፤ በ9 ተገድሎ የሞተ ልጅ «በሰላም ጨርሷል» ተብሎ ይመዘገባል። ፎቶ የሚያሳንሰው ፕሮግራሜ ማስታወሻ አንሶት ከርነሉ ልጁን ሲገድልበት ግማሽ ፎቶ እያስቀመጠ «ተሳክቷል» ይል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያገኘሁት ደግሞ ዞምቢዎቹን ካጠፋሁ ከወር በኋላ ነው።

በብዛት የምታገኟቸው ገዳዮች 9 ሲግ-ኪል፣ 15 ሲግ-ተርም፣ 2 ሲግ-ኢንት፣ 6 ሲግ-አቦርት፣ 11 ሲግ-ሴግቪ ናቸው። 11 ካያችሁ ልጁ ያልተፈቀደለትን የማስታወሻ ቦታ ነክቷል፤ ስሕተቱ በኮዱ ውስጥ ነው። 9 ካያችሁ ደግሞ አንድ ሰው ወይም ማስታወሻ ያለቀበት ከርነል ገድሎታል፤ የሲስተሙን መዝገብ ተመልከቱ።

ሁለት 139 እንዳሉም እወቁ። ባሽ ላይ 139 ማለት 128 ሲደመር 11 ነው፤ የሼል ልማድ ነው። ሲ ላይ ያልተፈታው ሁኔታ 139 ከሆነም 11 ሲደመር 128 ነው፤ እዚህ ግን 128ቱ ኮር ፋይል መቅረቱን የሚያሳየው ስምንተኛ ቢት ነው። ኮር ፋይል ካልቀረ ሲ ላይ ቁጥሩ 11 ብቻ ይሆናል፣ ባሽ ግን 139 ማለቱን አይተውም። ሁለቱ ቁጥሮች የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ አንዱን በሌላው ለመፍታት ሞክሮ ግማሽ ቀን ያባከነ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

የመውጫ ቁጥር 8 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ255 በላይ አይሄድም። ያገኘውን የስሕተት ብዛት የመውጫ ቁጥር አድርጎ የሚወጣ ፕሮግራም 256 ስሕተት ካገኘ 0 ሆኖ ይወጣል። -1 ብለው የሚወጡም 255 ሆነው ነው የሚታዩት።

ፓይተን የምትጽፉ ከሆነ ሰብፕሮሰስ የተባለው ሞጁል ይህን ሁሉ ፈትቶ ያቀርብላችኋል። በራሱ የወጣ ልጅ ሪተርንኮድ አዎንታዊ ወይም 0 ነው፤ የተገደለ ልጅ ግን በአሉታዊ ይመጣል፣ በ9 የተገደለው -9 ማለት ነው። ከኦኤስ ሞጁል በቀጥታ ዌይትፒድን ከጠራችሁ ግን የታሸገው ፖስታ ራሱ ነው የሚመጣላችሁ።

ደረጃ 5፦ እያለፉ ጠየቅ ማድረግ

ወላጁ ሌላ ሥራ ካለው ቆሞ መጠበቅ አይችልም። ለዚህ በሦስተኛው ቦታ ላይ ደብልዩ-ኖ-ሃንግ የሚለውን አማራጭ ስጡት፦

ድገም፦
    መልስ = ዌይትፒድ(ልጅ፣ &ሁኔታ፣ ደብልዩ-ኖ-ሃንግ)
    መልስ 0 ከሆነ፦ ልጁ በሕይወት አለ፤ የራስህን ሥራ ሥራ
    መልስ የልጁ መለያ ከሆነ፦ ሁኔታን ፍታና ከድግግሞሹ ውጣ
    መልስ -1 ከሆነ፦ ኤርኖን ተመልከት

እስካሁን ሦስት ዓይነት 0 አይተናል። የፎርክ 0 «ልጁ አንተ ነህ» ይላል፤ የዌይትፒድ 0 «ልጅህ ገና አልሞተም» ይላል፤ የመውጫ ቁጥሩ 0 «በሰላም ጨርሷል» ይላል። ኮድ ስታነቡ የትኛው 0 እንደሆነ ለዩ።

-1 ሲመጣ ኤርኖ ውስጥ፣ የስሕተቱ ቁጥር በሚቀመጥበት ተለዋዋጭ ማለት ነው፣ ከሁለት አንዱን ታገኛላችሁ። ኢ-ቻይልድ ከሆነ እንዲህ ያለ ልጅ የላችሁም፤ ወይ መርዶውን ቀድማችሁ ተቀብላችኋል፣ ወይ መለያው ተሳስቷል። ኢ-ኢንተር ከሆነ ደግሞ በመጠበቅ ላይ ሳላችሁ ሌላ ሲግናል አቋርጧችኋል፤ ይህ ስሕተት አይደለም፣ መልሳችሁ ጠይቁ። ለዚህ የሚጋለጠው በደረጃ 3 ያየነው ቆሞ የሚጠብቅ ጥሪ ስለሆነ ኢ-ኢንተር በመጣ ቁጥር በሚደግም ዙር ውስጥ አስቀምጡት።

ድግግሞሹ ውስጥ የሚሠራ ሌላ ሥራ ከሌለ ያለ እረፍት መጠየቅ አንድ ሙሉ የፕሮሰሰር ኮር ይበላል። በየዙሩ 100 ሚሊሰከንድ ያህል መተኛት ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ሲጠሩ መሄድ

ልጅ በሞተ ቁጥር ከርነሉ ለወላጁ ሲግ-ቻይልድ የሚባል ሲግናል ይልካል፤ በተለመዱት ኢንቴልና አርም ማሽኖች ላይ ቁጥሩ 17 ነው። ካልተነገረው በቀር ወላጁ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። ሲግ-አክሽን በሚባለው ፈንክሽን ተቀባይ ብታስመዘግቡለት ግን ደጅ በተንኳኳ ቁጥር ይነሣል፦

ሲግ-ቻይልድ ሲመጣ፦
    የቀድሞ = ኤርኖ
    ዌይትፒድ(-1፣ &ሁኔታ፣ ደብልዩ-ኖ-ሃንግ) ከ0 በላይ እስከመለሰ ድረስ ድገም፦
        መለያውንና ሁኔታውን መዝግብ
    ኤርኖ = የቀድሞ

መደጋገሙ ለምን አስፈለገ? ሲግናል ወረፋ አይይዝም። አምስት ልጆች በአንድ ቅጽበት ቢሞቱ ደጁ አንዴ ብቻ ሊንኳኳ ይችላል። አንድ ማንኳኳት ሰምቶ አንድ መርዶ ብቻ ተቀብሎ የሚመለስ ወላጅ አራት ዞምቢ ትቶ ይሄዳል። እኔም ከዚያ እሑድ ሌሊት በኋላ ሰኞ ጠዋት የጻፍሁት ማስተካከያ እንዲሁ ነበር፦ አንድ ሲግናል፣ አንድ ዌይትፒድ። በማግሥቱ ዞምቢ የለም ብዬ ተደሰትሁ። ደንበኛ በሚበዛባቸው ሰዓታት ግን ጠብ ጠብ እያሉ ይጠራቀሙ ነበርና ከሁለት ወር በኋላ ያው ነገር ተመለሰ። መደጋገሙ ላይ ደብልዩ-ኖ-ሃንግ ካልተጨመረ ደግሞ የሞቱት ሲያልቁ ወላጁ በሕይወት ያሉትን ለመጠበቅ እዚያው ተቀባዩ ውስጥ ተገትሮ ይቀራል።

ኤርኖን ማስቀመጡና መመለሱም ለይስሙላ አይደለም። ሲግናሉ የሚመጣው ዋናው ፕሮግራም በሌላ ሥራ መካከል ሳለ ስለሆነ፣ የእሱን የስሕተት ቁጥር ረግጣችሁ ከሄዳችሁ ያልተፈጠረ ስሕተት ያያል። በዚያው ምክንያት ተቀባዩ ውስጥ ፕሪንትኤፍን አትጥሩ፣ ማስታወሻም አትጠይቁ። ዌይትፒድ በተቀባይ ውስጥ እንዲጠራ የተፈቀደ ነው፤ ፕሪንትኤፍ አይደለም።

ልጅ በጣም ፈጥኖ ሊሞት እንደሚችልም አስቡ። ፎርክ ተመልሶ የልጁን መለያ ዝርዝራችሁ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ልጁ ሞቶ ሲግናሉ ሊደርስ ይችላል። ተቀባዩ ዝርዝሩን ያያል፣ ልጁን አያገኘውም፣ ይተወዋል፤ ቀጥሎ ዋናው ፕሮግራም የሞተውን ልጅ እንደ ሕያው ይመዘግባል። ስለዚህ ከፎርክ በፊት ሲግ-ቻይልድን በሲግ-ፕሮክ-ማስክ አግዱት፣ መዝግባችሁ ስትጨርሱ ልቀቁት። ልጁም እገዳውን ስለሚወርስ ሌላ ፕሮግራም ከማስነሣቱ በፊት ለራሱ ይልቀቀው።

በበኩሌ ዛሬ ተቀባዩ ውስጥ ምንም አልሠራም። «ሰው ሞቷል» የሚል ምልክት አቁሜ እመለሳለሁ፤ መርዶ መቀበሉን ዋናው ዙር በራሱ ጊዜ ይሠራል። ከላይ ከተዘረዘሩት ጣጣዎች አብዛኞቹ በዚህ ብቻ ይቀራሉ።

-1 ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ፕሮግራማችሁ የሚጠቀምበት ላይብረሪ በጓዳ የራሱን ልጅ ወልዶ ከሆነ «የትኛውም ልጄ» ብላችሁ ስትጠይቁ የእሱንም መርዶ ትወስዱበታላችሁ። ላይብረሪው ቆይቶ ሲጠይቅ ኢ-ቻይልድ ይመለስለታል። በትልልቅ ፕሮግራሞች ውስጥ የራሳችሁን መለያዎች ዝርዝር ይዛችሁ እያንዳንዱን በስሙ ጠይቁ።

ልጁ አልሞት ሲል

ጊዜ መወሰን ብዙዎች የሚሹት ነገር ነው፤ ዌይትፒድ ግን «ይህን ያህል ሰከንድ ጠብቅ» የሚባልበት ቦታ የለውም። ከደረጃ 5 ጋር አጣምሩት። በደብልዩ-ኖ-ሃንግ እየጠየቃችሁ ሰዓቱን ቁጠሩ፤ ጊዜው ሲያልቅ መጀመሪያ ሲግ-ተርም ላኩለት፣ ዕቃውን ሰብስቦ እንዲወጣ ፋታ ስጡት፣ እንቢ ካለ ሲግ-ኪል ላኩ። ለፋታው ልክ፣ ፕሮግራሞችን ለየብቻ በተከለለ ኮንቴይነር ውስጥ የሚያስኬደው ዶከር ኮንቴይነር ሲያቆም በተለምዶ 10 ሰከንድ ይሰጣል፣ ሲስተምዲ 90 ሰከንድ። ከሲግ-ኪል በኋላም ዌይትፒድን መጥራት አይቀርም። መግደል መቅበር አይደለም፤ ራሳችሁ የገደላችሁት ልጅም ካልጠየቃችሁት ዞምቢ ነው። ዲስክ ወይም ኔትወርክ ላይ ተንጠልጥሎ በማይቋረጥ እንቅልፍ ውስጥ ያለ ልጅ፣ በፒኤስ ዝርዝር ላይ ዲ የሚል ፊደል ያለበት፣ ለሲግ-ኪልም ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ከተንጠለጠለበት ሲላቀቅ ይሞታል።

አዲስ ከርነል ካላችሁ የተሻለ መንገድ አለ። ከሊኑክስ 5.3 ጀምሮ ፒድኤፍዲ-ኦፕን የሚባለው ጥሪ ልጁን እንደ ተከፈተ ፋይል ያስይዛችኋል። ልጁ ሲሞት ያ ፋይል «ለንባብ ዝግጁ» ይሆናል፤ ስለዚህ ፖል በሚባለው ጥሪ ከሶኬቶቻችሁ ጋር አንድ ላይ፣ የጊዜ ገደብ ጨምራችሁ ልትጠብቁት ትችላላችሁ።

ሲታዩ ትክክል የሚመስሉ ስሕተቶች

ልጁ መኖሩን ለማወቅ ኪልን በ0 ሲግናል መጥራት የተለመደ ነው፤ ምንም ሳይልክ መለያው መኖሩን ብቻ ይፈትሻል። ለልጅ አትጠቀሙበት። ዞምቢም መለያ ስላለው «አለ» ይላችኋል። መርዶው ከተወሰደ በኋላ ደግሞ መለያው ለማያውቃችሁ ፕሮሰስ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔም «አለ» ይላል።

«ሲግ-ቻይልድን ችላ በል» ብሎ በሲግ-አይጂኤን ማስመዝገብ ዞምቢን ከሥሩ ያጠፋል፤ ከርነሉ ልጆቹን ራሱ ይቀብራል። ዋጋው የልጆቹን መጨረሻ ከናካቴው አለማወቅ ነው። ዌይትፒድ ልጁ እስኪሞት ይጠብቅና ኢ-ቻይልድ ይመልሳል፤ ሲስተም የተባለው ፈንክሽንም ትዕዛዙ በትክክል ሠርቶ ሳለ -1 ይላል። የልጁ ውጤት በእውነት የማያሳስባችሁ ከሆነ ብቻ ተጠቀሙበት።

ልጁ ውስጥ ኤክዜክ፣ ልጁን ወደ ሌላ ፕሮግራም የሚለውጠው ጥሪ፣ ሲከሽፍ ቀጥሎ ያለው መስመር መውጫ መሆኑን አረጋግጡ፤ በሼሉ ልማድ በ127፣ ከፊቱ የሥር መስመር ባለው ኤግዚት። ካልወጣ ልጁ የወላጁን ኮድ መሥራት ይቀጥላል፤ ሁለት ወላጅ ይኖራችኋል።

ፓይተን ላይ የልጁን ውጤት በፓይፕ እየተቀበላችሁ ዌይትን ብትጠሩ ሁለቱም ሊደርቁ ይችላሉ። የሊኑክስ ፓይፕ በተለምዶ 65536 ባይት ይይዛል። ልጁ ከዚያ በላይ ከጻፈ የሚያነብለት እስኪመጣ ይቆማል፤ ወላጁ ደግሞ ልጁ እስኪሞት ቆሟል። ኮሚዩኒኬት የተባለው ዘዴ እያነበበ ስለሚጠብቅ እሱን ጥሩ።

ኮንቴይነር ውስጥ የምታስነሡት ፕሮግራም መለያ ቁጥሩ 1 ነው። እንግዲህ የማደጎ ልጆች ሁሉ ወደ እሱ ይመጣሉ፤ አብዛኛው ፕሮግራም ግን ራሱ ያልወለደውን ልጅ መርዶ እንዲቀበል ተደርጎ አልተጻፈም። ዶከርን ስታስነሡ ሁለት ሰረዝ ቀድሞት ኢኒት የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ ለዚሁ ሥራ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም በቁጥር 1 ላይ ያስቀምጥላችኋል።

ዞምቢ አሁን ሞልቶባችሁ ከሆነ

ዞምቢውን ተዉት፤ ወላጁን ፈልጉ። በፒኤስ ዝርዝር ላይ ፒፒአይዲ የሚለው ዓምድ የወላጁን መለያ ይዟል። አብዛኞቹ ዞምቢዎች አንድ ወላጅ ያላቸው ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ለእሱ ሲግ-ቻይልድ ላኩለት፤ ተቀባይ ኖሮት አንድ ማንኳኳት አምልጦት ከሆነ ይነቃና ይሰበስባቸዋል። ካልነቃ መርዶ መቀበሉ ጭራሽ አልተጻፈለትም ማለት ነው፤ እሱን በሲግ-ተርም አቁማችሁ እንደገና አስነሡት። ልጆቹ ወደ ቁጥር 1 ያልፉና በቅጽበት ዝርዝሩ ይጸዳል። የኔ ሰርቨር ያን ሌሊት የተነሣው በዚህ መንገድ ነው፤ ዌይትፒዱን የጻፍሁት ሰኞ ጠዋት ነበር።